የዋንዛው ፒሲ፦ ደሴ ላይ ጌሚንግ ኮምፒውተር ስሠራ የያዝኩት ማስታወሻ

ታኅሣሥ መገባደጃ

እሺ ተጀምሯል። "ልሠራው ነው ልሠራው ነው" እያልኩ ጆሯችሁን ያደነቆርኩበት ጌሚንግ ፒሲ ዕቃው ተሟላ ማለት ይቻላል፣ ከአሁን በኋላ የሚሆነውን ሁሉ እዚ እየጻፍኩ ነው ምሄደው። ኬዙን (ሳጥኑን) አልገዛም፣ አሠራዋለሁ፣ ያውም በዋንዛ እንጨት። መሳቅ ይቻላል።

ዕቃዎቹ እነዚ ናቸው፦ ፕሮሰሰር ራይዘን 5 5600፣ 6 ኮር 12 ትሬድ፣ ማዘርቦርዱ ቢ450 ማይክሮ ኤቲኤክስ ያገለገለ፣ ራም 16 ጊጋ ዲዲአር 4 ባለ 3200፣ ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት ብሮንዝ፣ ኤስኤስዲ 500 ጊጋ፣ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ለፋይል ማከማቻ፣ ካርዱ (ምስሉን ሚሠራው ግራፊክስ ካርድ) ደግሞ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ። ዋጋውን አልናገርም፣ እማዬ ስልኬን አንዳንዴ ታያለች። ግን ለምን አዲስ ካርድ አልገዛህም ለሚለኝ መልሱ ያው ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ የኮምፒውተር ዕቃ ደግሞ ከዱባይ በሻንጣ ነው ሚመጣው፣ ከዛ በኋላ ያለውን ሂሳብ እናንተው ሥሩት።

ካርዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው ሚበላው እዛ ጋ ነውና። አርኤክስ 580 የ2017 ካርድ ነው (በፈረንጅ)፣ አርጅቷል፣ ግን ለ1080ፒ (ፉል ኤችዲ ስክሪን) እስካሁን ይገፋል። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ ማምረት) ላይ የከረመ ነው፣ ሴፕቴምበር 2022 ላይ ኢቴሬም ሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ ማይን መደረጉ ሲያበቃ ያ ሁሉ ካርድ ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ተደፋ። ማይኒንግ ላይ ነበር ማለት ሞቷል ማለት አይደለም፣ ቺፑ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ ሚያልቀው ፋኑና ቴርማል ፔስቱ (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ነው፣ ደግሞ ባዮሱን (መነሻ ሶፍትዌሩን) ለማይኒንግ ቀይረውት ይሆናልና እሱን ወደ ኦሪጅናሉ መመለስ ነው።

ከዛ የባሰው ግን ሌላ ነው። አርኤክስ 580 ተብሎ ሚሸጥ ባለ 2048 ኤስፒ ሚባል አለ፣ 2018 ላይ ለቻይና ገበያ የወጣ፣ ስሙ 580 ሥራው 570 ነው። ትክክለኛው 580 ሼደሩ (ምስሉን ሚያሰሉት ትናንሽ ክፍሎች) 2304 ነው። ካርቶኑ ላይ፣ ስቲከሩ ላይ፣ ሻጩ ቃል ላይ አትመኑ፣ ጂፒዩ-ዚ ሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊት ክፈቱት፣ ሼደርስ ሚለው ቦታ 2304 ካለ ክፈሉ፣ 2048 ካለ ዋጋ አስቀንሱ ወይ ተውት። እኔ ካርዱን ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ልጁ በቪዲዮ ኮል ከፍቶ ካሳየኝ በኋላ ነው፣ አልሃምዱሊላህ 2304።

ገና ሰሞን

ኬዝ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ጠረጴዛ ላይ ማስነሳት አለብኝ። ማዘርቦርዱን የራሱ ካርቶን ላይ አስቀምጦ ፓወር ሰፕላይ ሰክቶ ሁለቷን የፓወር ፒን በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ማረግ፣ በቃ ይነሳል።

መነሳቱ ተነሳ፣ ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ይሄን ጠብቄው ነበር። ቢ450 ቦርድ የወጣው 2018 ነው፣ 5600 የወጣው 2022፣ ቦርዱ ባዮሱ ካልታደሰ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። ባዮስ ለማደስ ደግሞ ሚያውቀው ፕሮሰሰር ያስፈልጋል፣ አንዳንድ ቦርድ ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ብቻ ሚያድስ በተን አለው፣ የኔ የለውም። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለ ጓደኛዬ የቢሮ ኮምፒውተሩ ራይዘን 3 2200ጂ ነው፣ ለአንድ ማታ ተዋስኩት።

እዚ ጋ ለሚሞክር ሰው አንድ ነገር፦ ኤኤም 4 (የነዚ ራይዘኖች ሶኬት ዓይነት) ፕሮሰሰር ፒኑ ያለው ራሱ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፣ 1331 ፒን። ኩለሩን (የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ) ዝም ብላችሁ ወደ ላይ ከሳባችሁት የደረቀው ፔስት ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈበት ሶኬት መንጭቆ አብሮ ያወጣዋል፣ ፒን ይጣመማል። ስለዚ መጀመሪያ ማሽኑን አስነስታችሁ ትንሽ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ከዛ ኩለሩን ግራና ቀኝ እየጠመዘዛችሁ አላቁት። የሰው ዕቃ ስለሆነ ላብ በላብ ሆኜ ነው የፈታሁት።

አሁን ጥያቄው መብራት ነው። ባዮስ እየታደሰ መብራት ከሄደ ቦርዱ ጡብ ሆነ፣ ዳግም አይነሳም ማለት ነው። ማታ ላይ የኛ ሰፈር መብራት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፣ በዛ ላይ ጎረቤትም እኛም እንጀራ ሚጋገርበት ሰዓት አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ እማዬ ምጣዷን ስትሰካ የሳሎን አምፖል ትጨልማለች፣ ቮልቴጁ ከ220 ወርዶ 190 ምናምን ሲገባ በሜትር ለክቼዋለሁ። ስለዚ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ሚያቆይ) መጣ፣ ባለ 1000 ቪኤ። ስትገዙ ቪኤ ብቻ አትዩ፣ ዋቱን እዩ፣ 650 ቪኤ የተባለው ብዙ ጊዜ 360 ወይ 390 ዋት ነው፣ የኔ ፒሲ ደግሞ ጌም ላይ ሞኒተሩን ጨምሮ 350 አካባቢ ይደርሳል፣ ጠርዝ ላይ ነው። የኔው ባለ 1000 ው 600 ዋት ነው።

አንድ ደግሞ፣ ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ ሚሰጠው ሞገድ ትክክለኛ ሳይን አይደለም፣ ደረጃ ደረጃ ነው፣ አንዳንድ አክቲቭ ፒኤፍሲ (ሚስበውን ከረንት ሚያስተካክል ክፍል) ያለው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ይሄን ሲያይ ድርግም ይላል፣ ዩፒኤሱ እያለ ማለት ነው። ፒሲውን ጭነት ላይ አርጋችሁ ስፒናውን ከግድግዳ ንቀሉና ሞክሩት፣ ከሱቅ ሳትወጡ ቢሆን ይመረጣል። የኔ "ቀጭ" ብሎ ቀጠለ።

ፍላሹን በፋት 32 ፎርማት አርጌ፣ ፋይሉን ከማዘርቦርዱ ድርጅት ገጽ አውርጄ፣ "እማዬ ዛሬ ምጣድ የለም እሺ?" ብዬ፣ "እሺ፣ ነገ ዳቦ ብላ" ተባልኩ። ባዮሱ ታደሰ። 5600ን መለስኩት፣ ስክሪን በራ። 2200ጂው ማግስቱን ወደ ቤቱ ተመልሷል፣ ፒኑ ሁሉ ቀጥ እንዳለ።

ከጥምቀት በፊት

ኬዝ።

ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር፣ ኤቲኤክስ ሚባለውን የቦርድና የኬዝ መጠን ኢንቴል ያወጣው 1995 ላይ ነው፣ የማዘርቦርዱ የብሎን ቀዳዳ ቦታ ከዛ ወዲህ አልተቀየረም። ስለዚ ቢሮ የጣለው የፔንቲየም ፎር ታወር ውስጡ ያለው ላሜራ ለዛሬ ቦርድ ልክ ነው (ዴልና ኤችፒን ተዉት፣ እነሱ የራሳቸው አወጣጥ አላቸው፣ እኔ ምላችሁ እዛው ሱቅ የተገጣጠመውን ነው)። ከጥራጊ ብረት ጋር ተቀላቅሎ አንድ አግኝቼ በኪሎ ገዛሁት። ማዘርቦርድ ሚታሰርበትን ላሜራና ካርድ ሚቆምበትን የኋላ ገጽ ብየዳ ቤት ወስጄ በግራይንደር አስቆረጥኩ፣ የተረፈው ተጣለ። ብሎኖቹን ግን አንድም አልጣልኩ። የኬዝ ብሎን የኢንች ጥርስ ነው፣ 6-32 ይባላል፣ ውፍረቱ 3.5 ሚሊ፣ እኛ ጋ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ምታገኙት ባለ 3 ና ባለ 4 ሚሊ ነው፣ አንዱ ይላላል አንዱ አይገባም።

ለምን ሙሉውን በእንጨት አላረከውም ላላችሁኝ፣ የካርድ ማቆሚያ ቀዳዳ ከአንዱ ወደ ሌላው 20.32 ሚሊ ነው፣ እንጨት ደግሞ ክረምትና በጋ ይነፋል ይኮማተራል፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ሰው ጭጋግ ምን እንደሚያረግ ያውቃል። ልኩ በብረቱ ይያዝ፣ እንጨቱ ልብስ ይሁን።

አናጢው ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፣ ጋሼ ነው ምለው፣ አባቴንም ያውቁታል። ስዕሉን ሳሳያቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባር አንስተው ብዙ አዩት።

"ይሄ ሁሉ ክፍተት ምንድነው፣ ቀፎ ነው እንዴ ምሠራልህ?"

"ነፋስ እንዲገባ ነው ጋሼ።"

"ታዲያ ነፋስ ሚገባበት ከሆነ ምኑን ሳጥን ሆነ።" 

ግን እንጨት ላይ ቀልድ የላቸውም፣ የደረቀ ዋንዛ ከጓሮ አወጡልኝ፣ ሁለት ዓመት የቆየ ነው አሉ፣ እርጥብ ቢሆን እኮ ፒሲው ሲሞቅ ይጣመማል። ውፍረቱ 15 ሚሊ፣ ቁመቱ 42 ሳንቲም፣ ወደ ኋላ 40፣ ስፋቱ 21። ፊት ለፊቱ ዘንግ ዘንግ ነው፣ እያንዳንዱ ዘንግ 12 ሚሊ ክፍተቱ 8 ሚሊ፣ ማለት 40 ከመቶ ክፍት ነው፣ ከኋላው ሁለት ባለ 140 ፋን ይቀመጣል። አንድ ወዳጄ "የሙዳይ ጥለት አስቀርጽበት፣ ባህል ይሁን" አለኝ። ጥለቱ ያምራል፣ ግን ጥለት ማለት የተደፈነ ቦታ ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ አየር ነው ምፈልገው። ምክንያቱን ቀጥሎ እጽፋለሁ።

ከጥምቀት በኋላ

ኬዙ መጣ። ቫርኒሹ ገና ይሸታል፣ ግን አይ ዋንዛ፣ ፎቶ አንስቼ ለማልክለት ሰው ሁሉ "የት ገዛኸው" ነው ያለኝ።

የአየሩን ጉዳይ ልንገራችሁ፣ ለኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ ዋናው እሱ ነውና። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለነው። እዚ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 22 ከመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ ስለሆነ 17 ከመቶ ገደማ። ውሃ ቤታችሁ ሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሽሮው ለምን እንደሚቆይ አሁን ገባችሁ። ፋን ደግሞ በደቂቃ 1200 ከዞረ ደሴም ሚላንም የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ነው፣ ክብደቱ ግን ይለያያል፣ ሙቀት ተሸክሞ ሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው። ስለዚ አንድ ፈረንጅ ዩቲዩብ ላይ "ይሄ ኩለር ይበቃል" ሲላችሁ ለሱ ሀገር አየር ነው ሚያወራው። እኛ ጋ ያንኑ ሥራ ለማግኘት ፋኑ ወይ ይፈጥናል (ይጮሃል) ወይ ይተልቃል። እኔ ማተለቁን መረጥኩ፣ ከፊት ሁለት 140፣ ከኋላ አንድ 120።

በሌላ በኩል ደሴ ብርድ ነው። ጥር ላይ ክፍሌ ጠዋት ጠዋት 14 ምናምን ይሆናል። ብርዱ የአየሩን መሳሳት ያካክሳል ወይ ሚለውን ለክቼ አያለሁ።

ሃርድ ዲስክም እንደዚ ነው፣ ውስጡ ያለችው አንባቢ ጭንቅላት ዲስኩ ላይ በስስ አየር ተንሳፋ ነው ምትሠራው፣ አየሩ በጣም ከሳሳ ትወድቃለች፣ ለዛ ነው አብዛኛው ሃርድ ዲስክ ላይ የከፍታ ገደብ ተብሎ 3048 ሜትር ሚጻፍበት። ደሴ በሰላም ያልፋል።

ጎኑ ላይ ሚገባው ማሳያ፣ መስታወት ቤት ሄጄ 4 ሚሊ መስታወት ሊቆርጡልኝ ነበር፣ ተውኩት። ተራ መስታወት ነው፣ ቴምፐርድ አይደለም፣ ቢሰበር እንደ ቢላ ነው ሚሆነው፣ እኔ ደግሞ ይሄን ማሽን የሐረጎን ቁልቁለት አስወርጄ ኮምቦልቻ ልወስደው አስቤያለሁ። ማስታወቂያ ሚሠሩ ልጆች ጋ ሄጄ አክሪሊክ በሌዘር አስቆረጥኩ፣ ጥርት ያለ ሥራ ነው፣ መቧጨሩ ብቻ ነው ችግሩ።

መብራቱ አንድ ቀለም ነው፣ ቢጫ ነጭ ኤልኢዲ ስትሪፕ፣ ከፓወር ሰፕላዩ ቢጫና ጥቁር ሽቦ 12 ቮልት ወስዶ። ቀስተ ደመናውን ለምትወዱ ይቅርታ፣ ዋንዛ ላይ አረንጓዴና ሮዝ ብልጭ ድርግም ሲል የሰርግ አዳራሽ ነው ሚመስለው።

ጥር ማለቂያ

ነዘረኝ።

ገጣጥሜ ጨርሼ፣ ሁሉም በቦታው፣ የኋላውን ላሜራ ስነካው ጣቴን ጭርር። ሸሚዝ እጅጌ ስታስነካው ደሞ እንደሚንቀጠቀጥ ነገር ይሰማል። ይሄ ነገር ብዙ ቤት አለ፣ "ኮምፒውተሩ ሾርት አድርጓል" ተብሎ ስንት ደህና ፓወር ሰፕላይ እንደተጣለ አላህ ነው ሚያውቀው።

ሾርት አይደለም። ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ ማጣሪያ አለ፣ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተር፣ አንዷ ከፌዝ ወደ ብረቱ፣ አንዷ ከኑትራል ወደ ብረቱ። ሥራቸው ጫጫታውን ወደ ኧርዝ መላክ ነው። ኧርዝ ካለ እሺ፣ ከሌለ ግን ብረቱ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የ220 ግማሽ፣ 110 ቮልት አካባቢ። ከረንቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰው አይገድልም፣ ግን ኤችዲኤምአይ ወይ ዩኤስቢ ስትሰኩ ብልጭ ብሎ ፖርት ሊያቃጥል ይችላል። ቴስተር ካቻቪቴ ብረቱ ላይ ሳረግ በራ፣ በሜትር ለካሁት፣ 104። የቤታችን ሶኬት ሦስተኛዋ ጆሮ አላት፣ ከኋላዋ ግን ሽቦ የለም። ለጌጥ ነው የተቀመጠችው።

ሰፈራችን ያለ ኤሌክትሪሻን መጣ፣ ጓሮ የመዳብ ዘንግ ቀበረ፣ ከዛ ወፍራም ባለ አረንጓዴ ቢጫ ሽቦ ወደ ቆጣሪው ሳጥን፣ ከዛ ወደ ክፍሌ። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ኧርዙ ይደክማልና አልፎ አልፎ ዘንጉ ላይ ውሃ አፍስስ አለኝ። አንዳንድ ሰው ሶኬቱ ውስጥ ኧርዝን ከኑትራል ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኛል፣ ይሄን በጭራሽ እንዳትሞክሩ፣ ኑትራሉ አንድ ቀን ከላላ ኬዛችሁ ሙሉ 220 ይሆናል፣ ያኔ ነው ሰው ሚሞተው።

አሁን ሜትሩ ዜሮ ነጥብ ምናምን ይላል። በዚሁ የእማዬ ፍሪጅም መንዘሯን ተወች፣ ለካ እሷም ትነዝር ነበር፣ እማዬ "እኔማ ብርዱ ነው ብዬ" አለች።

የካቲት መግቢያ

ቴስት። ራሙ መጀመሪያ በ2400 ነበር ሚሠራው፣ ባዮስ ገብቼ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት ሚያስኬደውን ሴቲንግ) ሳበራው 3200 ሆነ፣ ይሄን ሳያበሩ ዓመት ሚቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ። ጌሞቹን ከጓደኛ በሃርድ ዲስክ ነው ያመጣሁት፣ የስቲምን (ጌም መግዣና ማውረጃው ፕሮግራም) ፎልደር ኮፒ አርጋችሁ ስቲም ቬሪፋይ እንዲያረግ ካዘዛችሁት ሚጎድለውን ብቻ ነው ሚያወርደው፣ በዚ ኔት 100 ጊጋ ማውረድ አይታሰብም።

ጂቲኤ ፋይቭ 1080ፒ ሃይ ላይ በሰከንድ ከ60 ፍሬም አይወርድም፣ ካውንተር ስትራይክ 2 ዝቅ አርጌ ከ100 በላይ፣ ሞኒተሬ 75 ኸርዝ ስለሆነ ይተርፈኛል።

ሙቀቱን ለማነጻጸር እንዲመች የካርዱን ፋን 60 ከመቶ ላይ ቆለፍኩት፣ አለዚያ እራሱ እየፈጠነ ሂሳቡን ያበላሸዋል። ክፍሉ 18 ዲግሪ፣ ካርዱ ጌም ላይ 73። ከዛ ካርዱን አንደርቮልት አረኩት፣ ማለት ሚያገኘውን ቮልቴጅ ቀነስኩ፣ ፋብሪካው 1150 ሚሊቮልት ነው ሚሰጠው፣ በኤኤምዲው ሶፍትዌር በጥቂት በጥቂቱ እየቀነስኩ፣ በያንዳንዱ ላይ ረዘም ያለ ጌም እየተጫወትኩ፣ 1060 ላይ ረጋ። ፍሬሙ ያው፣ ሙቀቱ 66 ገባ፣ ዩፒኤሱ ላይ ሚታየው ጭነትም ቀነሰ። ካርድ ሁሉ እኩል አይወርድም፣ የናንተው 1100 ላይ ሊቆም ይችላል፣ ስክሪኑ ብልጭ ማለት ከጀመረ መልሱት። ለኛ ሀገር ግን ከኦቨርክሎክ (ፍጥነቱን ከልኩ በላይ ከመጨመር) ይልቅ ይሄ ነው ሚጠቅመው፣ ስስ አየርና ደካማ መብራት ላይ ያለ ሰው ዋት ጨምሮ ምን ያረጋል።

እማዬ ቆጣሪው ፈጠነ ብላ ነበር። ምጣድሽ አስር እጥፍ ነው ሚበላው ስላት "ምጣዱ ያበላሃል፣ ይሄ ምን ያበላሃል?" አለች። መልስ አላገኘሁላትም።

ኮምቦልቻ

ረመዳን ሳይገባ ብለን ቅዳሜ ወረድን። ኮምቦልቻ ጌም ቤት ያለው ልጅ ከድሮ ጀምሮ "አምጣውና እንየው" ሲል ነበር፣ ፕሌይስቴሽን ነው ያለው፣ ደንበኞቹ ፒሲ አይተው አያውቁም ማለት ሳይሆን እንዲህ ያለ አላዩም።

ለጉዞ ካርዱን ነቅላችሁ ለብቻው ጠቅልሉ። ከባድ ነው፣ በአንድ ስሎት ብቻ ነው ተንጠልጥሎ ያለው፣ ሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ ሲወርድ በየኩርባው ይወዛወዝና ስሎቱን ይሰነጥቀዋል። ኬዙን ደግሞ በጎኑ አስተኝቼ ማዘርቦርዱ ወደ ታች ሆኖ ጭኔ ላይ ያዝኩት። ረዳቱ የሁለት ሰው ካላስከፈልኩ ብሎ ሲከራከር አንዲት እናት "ኧረ ተወው ልጄ፣ የሬዲዮ ሳጥን ነው መሰለኝ" ብለው አስማሩኝ።

ጌም ቤቱ ሲደርስ ማን እንደጠራቸው እንጃ ልጁ ሁሉ ተሰብስቧል። አንዱ ዋንዛውን እየዳበሰ "ይሄ እውነት ኮምፒውተር ነው?" ይላል፣ አንዱ በአክሪሊኩ አጮልቆ ካርዱን ፎቶ ያነሳል፣ አንድ ደፋር ደግሞ "ፕሌይስቴሽን ይሻላል" አለና ክርክር ሆነ። ፊፋ ላይ በፓድ ተጫወትን፣ እዛው ማሽን ላይ ተሸነፍኩ፣ ስለሱ አላወራም።

ደስ ያለኝ ግን ከቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ የመጡ ልጆች ናቸው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለሚል አየሩ ይወፍራል፣ ስለዚ ካርዱ እዚ ነው ሚቀዘቅዘው አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ ሙቀቱን አታይም እንዴ አለ። ለካን። ያው ጌም፣ ያው 60 ከመቶ ፋን፣ ያው 1060። ክፍሉ 28 ዲግሪ ነበር፣ ካርዱ 74 ደረሰ። ደሴ ላይ 66 ነበር፣ ስለዚ ኮምቦልቻ ተሸነፈች ተብሎ ተሳቀ። ያ የመጀመሪያው ልጅ ግን ዝም አላለም፣ ከክፍሉ ሙቀት ጋር ያለውን ልዩነት አስሉ አለ፣ ደሴ 66 ሲቀነስ 18፣ 48 ነው፣ ኮምቦልቻ 74 ሲቀነስ 28፣ 46 ነው። ማለት አየሩ እውነትም የተሻለ ወስዷል፣ ሁለት ዲግሪ ያህል፣ ክፍሉ ነው በአስር የበለጠው። አንድ ቀን ለክተን ሳይንስ ነው አልልም፣ ግን ሚሆነው ይሄው ነው፣ ኮምቦልቻ ያለ ሰው ክፍሉን ያቀዝቅዝ፣ ደሴ ያለ ሰው ፋኑን ያተልቅ።

አቧራውን ግን ለኮምቦልቻ አልሰጣትም። በአንድ ከሰዓት የፊት ፋኑ ላይ ነጭ ሆኖ ተቀመጠ።

ረመዳን ዋዜማ

ማጣሪያ ተሠራ፣ የመስኮት ትንኝ መረብ ቆርጬ በፍሬም ከዘንጎቹ ኋላ ማግኔት ላይ አስቀመጥኩት፣ ተስቦ ይወጣል ይታጠባል። ካርዱ ላይ ሁለት ዲግሪ ጨመረ፣ ይጨምር።

የጌም ቤቱ ልጅ አራት ማሽን ሥራልኝ ብሏል፣ ያለ እንጨት፣ "የኔ ደንበኞች ይቆርጡበታል" ነው ያለው። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ተቀየሙ፣ ለናሙና ሁለተኛ ኬዝ በራሳቸው ወጪ ጀምረዋል፣ ክፍተቱን ግን ቀንሰውታል፣ ገና እየተከራከርን ነው።

መጠን ለጠየቃችሁኝ፦ ማይክሮ ኤቲኤክስ ቦርድ 244 በ244 ሚሊ ነው፣ የኋላ መሰኪያዎቹ ሚወጡበት ቀዳዳ 158.75 በ44.45፣ ፓወር ሰፕላዩ ከኋላ 150 በ86፣ ወደ ውስጥ 140 ነው ግን ለሽቦው ሌላ 5 ሳንቲም ተዉ። የ120 ፋን የብሎን ቀዳዳ ከመሐል መሐል 105 ሚሊ፣ የ140ው 124.5። የፓወር ሰፕላዩን ቦታ ከመቁረጣችሁ በፊት ፋኑ ወዴት እንደሚያይ ወስኑ፣ የኔ ወደ ታች ነው ሚያየው፣ ስለዚ እግሩን 3 ሳንቲም ከፍ አስደርጌዋለሁ፣ ምንጣፍ ላይ ምታስቀምጡት ከሆነ 4 አርጉት።